ቅዳሜ ተጫውተው ሳምንቱን የሚከራከሩበት ኳስ

በኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ በየዓመቱ ኖቬምበር ሲያልቅ አንድ የላቲን ፊደል ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይጠፋል። በሕንፃ ስሞችና በምልክቶች ላይ ያለው «ኤም» በቀይ ቴፕ ይሰረዛል፤ የተቀናቃኙ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፊደል ነውና። በከተማዋ ከሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን መካከል ለፉትቦል ግድ የሌላቸው እንኳ ያን ሳምንት ልብ ሳይሉት ማለፍ ይቸግራቸዋል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2024 ሚሺጋን በኦሃዮ ስቴት ሜዳ 13 ለ 10 አሸነፈ። ባለሜዳው ለዋንጫ የታጨ ቡድን ነበር፤ እንግዳው ደግሞ ዓመቱን ሲንገዳገድ የከረመ። ለአሰልጣኝ ራያን ዴይ በሚሺጋን የደረሰበት አራተኛ ተከታታይ ሽንፈት ሆነ። ሰውየው እስከዚያ ቀን ከመራቸው 76 ጨዋታዎች 66ቱን አሸንፏል፤ ሆኖም ሜዳው ባዶ ሳይሆን «ይባረር» የሚለው ድምፅ በረታ። ሰባት ሳምንት አለፈና ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ያው ዴይ ኖትር ዴምን 34 ለ 23 ረትቶ የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ነው። 11 ለ 11 ሆነው ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው ይሮጣሉ፣ ይወረውራሉ፣ ይጠላለፋሉ። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ግድም፣ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ሦስቱ ካልሰመሩ አሰልጣኙ መወሰን አለበት፦ ኳሱን በእግር አርቆ ለተጋጣሚ ይልቀቅ፣ በቋሚዎቹ መካከል አስመትቶ ሦስት ነጥብ ይሞክር፣ ወይስ ደፍሮ ይግፋ? ውሳኔው በሰከንዶች ውስጥ ይሰጣል፤ ደጋፊው ግን ሳምንቱን ሙሉ ይመረምረዋል። በሌሎች የኳስ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ሜዳ ከገባ በኋላ አብዛኛውን የሚወስነው ራሱ ነው። እዚህ በየሙከራው ማን ወዴት እንደሚሮጥ የሚታዘዘው ከመስመሩ ውጭ ነው። ስለዚህ ሽንፈቱ በአሰልጣኙ ስም ይመዘገባል። ደግሞም ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ጥቂት ዓመት ተጫውተው ይሄዳሉ።

የመጀመሪያው ጨዋታ የተካሄደው በኖቬምበር 1869 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሲሆን ራትገርስ ፕሪንስተንን 6 ለ 4 አሸነፈ። በ1905 ተጫዋቾች ሜዳ ላይ እየሞቱ ሕዝብ ሲቆጣ ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችን ዋይት ሐውስ ጠርተው አነጋገሩ፤ በዓመቱ ኳስን ወደፊት መወርወር ተፈቀደ፣ ዛሬ ኤንሲኤኤ የሚባለው የበላይ አካልም ቆመ።

ዛሬ 100 ሺህና ከዚያ በላይ ሰው የሚይዙ ስምንት ያህል የዩኒቨርሲቲ ስታዲየሞች አሉ፤ የሚሺጋኑ ብቻ 107,601 መቀመጫ አለው። ብዙዎቹ የቆሙት ፕሮፌሽናል ቡድን በሌለባቸው ከተሞች ነው። የነብራስካ ግዛት አንድም የፕሮፌሽናል ፉትቦል ቡድን የለውም፤ በሊንከን ከተማ ያለው የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ግን ከ1962 ጀምሮ ትኬቱ ሳያልቅ የቀረበት ጨዋታ የለም። እዚያ ደጋፊነት ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ያልተማሩበትን ዩኒቨርሲቲ እንደ ትውልድ መንደራቸው የሚወዱ ብዙ ናቸው።

የክርክሩን ብርታት ለመረዳት ቁጥሩን ማየት ይበቃል። በከፍተኛው ምድብ ከ130 በላይ ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ በመደበኛው ወቅት የሚጫወተው 12 ጨዋታ ነው። አብዛኞቹ በአንድ ወቅት እርስ በርስ አይገናኙም። ሁሉንም የሚያስተካክል አንድ የነጥብ ሰንጠረዥ ስለሌለ ማን ከማን እንደሚበልጥ ሰው መፍረድ አለበት። ከ1936 ጀምሮ አሶሺየትድ ፕሬስ የጋዜጠኞችን ድምፅ እየሰበሰበ በየሳምንቱ ደረጃ ያወጣል። የዋንጫ ተፋላሚዎችን የሚመርጠው ደግሞ 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ፤ ኮከብ ወርዋሪው ስለተጎዳ ኮሚቴው ከአራቱ ተመራጮች ውጭ አደረገው። አንድም ጊዜ ያልተሸነፈ ቡድን በግምት የሚቀርበት ውድድር ፍትሐዊ ነው ማለት ይከብዳል። በቀጣዩ ዓመት ተመራጮቹ 12 ሆኑ፤ ክርክሩ ግን ከአራተኛና አምስተኛ ደረጃ ወደ 12ኛና 13ኛ ተሸጋገረ እንጂ አልበረደም።

የመጪው ቅዳሜ ትንበያ ራሱን የቻለ ባህል ነው። የስፖርት ቴሌቪዥኑ የኢኤስፒኤን ዝግጅት «ኮሌጅ ጌምዴይ» ከ1993 ጀምሮ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው እየተጓዘ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከሚሰለፉ ተማሪዎች ፊት ይተላለፋል። ሊ ኮርሶ የተባሉት የቀድሞ አሰልጣኝ ያሸንፋል ያሉትን ቡድን መለያ እንስሳ ጭንቅላት ይደፉ ነበር፤ በ1996 ኮሎምበስ ላይ የጀመሩትን በኦገስት 2025 እዚያው ኮሎምበስ ላይ ፈጽመው ጡረታ ወጡ። በደቡብ ግዛቶች ደግሞ የፖል ፋይንባውም የሬዲዮ ዝግጅት አለ፤ ደጋፊ ደውሎ አሰልጣኝ ያወድሳል፣ ይረግማል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል።

ፍቅሩ ወደ ክፋት የሚዞርበትም ጊዜ አለ። በ2010 ኦበርን አላባማን 28 ለ 27 ካሸነፈ በኋላ አንድ የአላባማ ደጋፊ የኦበርን ሰዎች ድላቸውን የሚያከብሩባቸውን ሁለት ያረጁ የኦክ ዛፎች መርዝ አጠጣ። የተያዘው ወደዚያው የሬዲዮ ዝግጅት ደውሎ በአንደበቱ ከተናገረ በኋላ ነው። ሰውየው ታሰረ፤ ዛፎቹም በ2013 ተቆረጡ።

ወንበሩ የተነቃነቀበት አሰልጣኝ የዚህ ሁሉ ቁጣ ማረፊያ ነው። ጆን ኩፐር በኦሃዮ ስቴት 13 ዓመት ሠርተው ከመቶ በላይ ጨዋታ ቢያሸንፉም ሚሺጋንን የረቱት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበርና በጃንዋሪ 2001 ተሰናበቱ። ጂን ቺዚክ የ2010ን ዋንጫ ለኦበርን ባመጡ በሁለት ዓመታቸው ተባረሩ። ነብራስካ ስኮት ፍሮስትን ያባረረው በሴፕቴምበር 2022 ነው። እስከ ኦክቶበር 1 ቢታገስ ኖሮ የሚከፍለው ካሳ ከ15 ሚሊዮን ዶላር ወደ ግማሽ ይወርድ ነበር። ሦስት ሳምንት እንኳ አልጠበቀም።

ካሳው ራሱ አስደንጋጭ ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በኖቬምበር 2023 ጂምቦ ፊሸርን ለማሰናበት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ የመክፈል ግዴታ ገባ። በ2025 መከር ደግሞ ስንብቱ ተከታተለ። ፔን ስቴት ከአገሪቱ ሁለተኛ ተብሎ ወቅቱን ጀመረ፤ በሦስት ተከታታይ ሳምንት በኦሬገን፣ አንድም ጨዋታ አሸንፎ ባልመጣው ዩሲኤልኤና በኖርዝዌስተርን ተሸነፈ፤ አሰልጣኙ ጄምስ ፍራንክሊን በማግስቱ ተሰናበተ። ፍሎሪዳ ቢሊ ኔፒየርን፣ ኤልኤስዩ ብራያን ኬሊን አከታትለው አባረሩ። ገንዘቡ የሚመጣው ከሀብታም ለጋሾች፣ ከትኬትና ከቴሌቪዥን ነው፤ ከ2023 የጀመረው የቢግ ቴን ሊግ የሰባት ዓመት ውል ብቻውን ከሰባት ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ የተፈቀደው ግን ገና በጁላይ 2025 ነው። ለማይሠራ አሰልጣኝ አሥር ሚሊዮኖች ሲከፈሉ፣ ጉልበቱንና ጤናውን የሚሰጠው ወጣት ከዩኒቨርሲቲው ደመወዝ ሳያገኝ መኖሩ የስፖርቱ ትልቅ ነውር ነበር።

ታሪኩ ግን ከትዕግሥት ጎን የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። ኒክ ሴባን በ2007 የመጀመሪያ ዓመቱ በአላባማ በትንሹ ሉዊዚያና ሞንሮ ተሸንፏል፤ በኋላ ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ስድስት ዋንጫ አመጣ። ከርክ ፌረንትዝ በአዮዋ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያሸነፈው አራት ጨዋታ ብቻ ነበር። ከ1999 ጀምሮ አሁንም እዚያው አለ። ችኩሎች በበኩላቸው ኢንዲያናን ይጠቅሳሉ፦ በ2023 ሦስት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ቡድን ከርት ሲግኔቲን ቀጥሮ በቀጣዩ ዓመት 11 አሸነፈ፤ በጃንዋሪ 2026 ደግሞ ማያሚን 27 ለ 21 ረትቶ ያለ ሽንፈት ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ሁለት ዓመት ይበቃል» የሚል ደጋፊ ማስረጃ አለው።

ፍራንክሊን ከፔን ስቴት በወጣ በአንድ ወር ግድም በቨርጂኒያ ቴክ ተቀጠረ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ቢመርን በ1992 በስድስተኛ ዓመታቸው፣ ከ11 ጨዋታ ሁለቱን ብቻ አሸንፈው እንኳ ያላባረረ ነው። ቢመር በ2015 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቡድኑን ለ23 ተከታታይ ዓመታት ከወቅቱ ማብቂያ በኋላ ለሚደረገው ቦውል ጨዋታ አበቁት፤ አንዴም ለአገር አቀፉ የዋንጫ ፍልሚያ አደረሱት። ፍራንክሊን የመጀመሪያ ሽንፈቱን ሲቀምስ በዩኒቨርሲቲው ከተማ በብላክስበርግ ያሉ ሽማግሌ ደጋፊዎች የ1992ን ዓመት ያነሳሉ፤ ወጣቶቹ ኢንዲያናን።