ወረቀት የሌለው ሰው የመታከም መብት አለውን?

(በካኩማ ካምፕ በሬዲዮ ከቀረበ የጤና ትምህርት)

ይህ በሬዲዮ ያቀረብነው ትምህርት ነው። በሰዓቱ ያልሰማችሁ እንድታነቡት፣ ማንበብ የሚችልም ለማይችለው እንዲያነብለት በወረቀት አትመነዋል።

ቤት ለቤት ስዞር ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ወረቀት የሌለው ሰው ክሊኒክ ቢሄድ ያክሙታል?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ጓዳ ውስጥ የተኛ እንግዳ አለው። ውጭ ውሃ ወረፋ ላይ ደግሞ ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠይቃል፦ «ለተመዘገብነው እንኳ መድኃኒት እያጠረ ላልተመዘገበው የሚሰጠው ለምንድን ነው?» ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱንም እንመልሳለን።

«ወረቀት የለውም» የምንለው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ትናንት ድንበር አቋርጦ ገና ያልተመዘገበ አለ። የምዝገባ ቀጠሮ የሚጠብቅ አለ። ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት፣ ካርዱ የጠፋበት፣ ከሌላ ካምፕ መጥቶ ስሙ እዚህ የማይገኝም አለ። ሰው ሁሉንም ጠቅልሎ «ሕገ ወጥ» ይላቸዋል። እኔ ቃሉ በሥራዬ ላይ አንድም ቀን ጠቅሞኝ አያውቅም፤ ቴርሞሜትር ላይ አይወጣም።

በመጀመሪያ ሕጉ የሚለውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ላይ ከፍተኛ ደረጃ ያለውን ጤና የማግኘት መብት የሚሰጠው ለ«ማንኛውም ሰው» ነው። «ለማንኛውም ዜጋ» አላለም። በዚያው አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 2 ማንም ሰው ድንገተኛ ሕክምና ሊከለከል እንደማይችል ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጤና ሕግ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ክትባት፣ ለእናቶችም የወሊድ አገልግሎት በነፃ እንዲሰጥ መንግሥትን ያዛል። ያው ሕግ የበሽተኛ ምስጢር እንዲጠበቅም ያዛል። ስለዚህ «ነርሷ ለፖሊስ ትናገራለች» ብላችሁ የምትፈሩ፣ የበሽተኛን ጉዳይ ለሌላ ማውራት ሕግ መጣስ መሆኑን እወቁ።

ነገር ግን እውነቱን ሙሉውን መናገር አለብኝ። ሁሉም ጥቅም ያለ ወረቀት አይገኝም። እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 23 ስደተኛ ከአገሩ ዜጋ ጋር እኩል የመንግሥት ዕርዳታ እንዲያገኝ ሲደነግግ፣ «በሕጋዊ መንገድ ለሚኖሩ» የሚል ቃል አስገብቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የቀድሞውን የጤና መድን ድርጅት የተካው አዲሱ የኬንያ የጤና መድን ሲመዘግብ መታወቂያ ይጠይቃል። ወደ ሎድዋር ወይም ወደ ናይሮቢ ሪፈር የተጻፈለት ስደተኛም ከካምፕ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ደግሞ ለተመዘገበ ሰው ነው የሚሰጠው። ወረቀት ጥቅም የለውም የሚላችሁን አትስሙት።

ወደ ካምፑ ክሊኒክ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። በወረፋው ላይ ከጎናችሁ የምትቀመጠውን የቱርካና እናት አስተውላችኋል? የስደተኛ ካርድ የላትም፤ ራሽንም አትወስድም። ልጇ ግን እኛ ዘንድ ይመዘናል፣ ይከተባል፣ ይታከማል። በሩ የሚከፈተው በራሽን ካርድ ቢሆን ኖሮ እሷ አትገባም ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጠያቂ ልመለስ፤ ለእሱ የምመልሰው በሕግ አንቀጽ ሳይሆን በበሽታ ጠባይ ነው።

ዳዳብን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 በዚያ የአዲስ ገቢዎች ምዝገባ ተቋረጠ። ሰው መምጣቱን ግን አላቆመም፤ በኋላ በሶማሊያ በደረሰው ድርቅ ጊዜ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሳይመዘገቡ በካምፑ ዳርቻ ሰፈሩ። ስማቸው በመዝገብ ስላልነበረ ሽንት ቤትና ውሃ ሲታቀድ አልተቆጠሩም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ኮሌራ ገባና እስከ 2023 ዘለቀ። እንደሚታወቀው ኮሌራ ከሰገራ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ አፍ ይሄዳል። ዳርቻ ላይ ሽንት ቤት የሌለው ቤተሰብ ችግር መሐል ካምፕ ሽንት ቤት ያለው ሰው ኩባያ ውስጥ ይገባል። ጥፋቱ የአዲስ ገቢዎቹ ነው እያልኩ አይደለም። የቆጠራው ጉድለት ነው።

ኩፍኝም እንዲሁ ነው። አንድ የኩፍኝ በሽተኛ ካልተከተቡ ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ ይችላል። ወረርሽኙን ለማቆም ከመቶው ሰው 95ቱ መከተብ አለበት። ከ20 ሕፃናት ሁለቱን «ካርድ የላቸውም» ብለን ብናልፍ ከዚያ ቁጥር ወረድን ማለት ነው። የሚታመሙትም እነዚያ ሁለቱ ብቻ አይሆኑም፤ ዘጠኝ ወር ስላልሞላው ገና መርፌውን ያልወሰደው የእናንተው ሕፃን አብሮ ይታመማል። እ.ኤ.አ. በ2013 ፖሊዮ (የልጅነት ልምሻ) ከሶማሊያ ወደ ኬንያና ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገር በኬንያ መጀመሪያ የተገኘው ዳዳብ አጠገብ በአንዲት የ4 ወር ሕፃን ላይ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በኬንያ የተያዙት 14 ደረሱ። የክትባት ዘመቻ ቡድን ቤታችሁ ሲመጣ ካርድ የማይጠይቀው ለዚህ ነው፤ እናንተም ያለ ካርድ ያለውን ሕፃን አትደብቁ።

ስለ ቲቢ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ በእንግዳ ጉዳይ ብዙ የምንቸገረው በእሱ ነውና። ያልታከመ የሳንባ ቲቢ በሽተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ሰው ሊያስይዝ ይችላል፤ ቅድሚያ የሚያዙትም አብረውት በአንድ ክፍል የሚያድሩት ናቸው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። ሳሉ የሚቀለው ግን ቀደም ብሎ ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

አንድ ወጣት ወረቀት ስላልነበረው በአጎቱ ልጅ ካርድ ተመርምሮ የቲቢ መድኃኒት ጀመረ። በሁለተኛው ወር ሲሻለው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። መድኃኒት ያቋረጠው በመዝገቡ ላይ ባለ ካርዱ ስለሆነ እሱን ፍለጋ ደጁ ደረስኩ። በር የከፈተልኝ አንዳች ያላመመው ጎረምሳ ነበር። የታመመው ልጅ እውነተኛ ስሙም ስልኩም በእጃችን የለም። መድኃኒት ያቋረጠ ቲቢ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል፤ የተላመደ ቲቢ ደግሞ ለበሽተኛውም ለክሊኒኩም እጅግ ይከብዳል። ባለ ካርዱም ቢሆን ነገ በእውነት ቢያስለው መዝገቡ «ቀድሞ ታክሞ አቋርጧል» ብሎ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ካርድ አታዋሱ። የምታዋሱት ለደግነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው። ነገር ግን የደም ምርመራ፣ የመድኃኒት አለርጂ፣ የክትባት ታሪክ ሁሉ በሌላ ሰው ስም ይጻፋል። የእህታችሁ ልጅ በእናንተ ልጅ ካርድ ቢከተብ፣ የእናንተው ልጅ ሳይከተብ «ተከትቧል» ተብሎ ይቀራል። በራሱ ስም፣ ያለ ቁጥር መጻፍ ይሻላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይሉ የለ ወላጆቻችን?

ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ወረቀት ስትሆን ቤት መውለድን ትመርጣለች። እናቶች ሆይ፣ እባካችሁ ይህን አትፍቀዱላት። የዓለም የጤና ድርጅት በእርግዝና ጊዜ ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል እንዲደረግ ይመክራል። እናትየው ኤችአይቪ ቢኖርባትና ሕክምና ባታገኝ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 ያህሉ ይያዛሉ፤ መድኃኒቱን በወቅቱና በትክክል ከወሰደች ከ5 በታች ይወርዳል። ደም ከፈሰሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ ወይም ካንቀጠቀጣት ሌሊትም ቢሆን አምጧት። ሌላም ጥቅም አለ፦ ጤና ተቋም የወለደች እናት የልደት ማስታወቂያ ወረቀት ይሰጣታል። በእሱ በ6 ወር ውስጥ የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። እናት ወረቀት ባይኖራትም ልጇ የመጀመሪያ ወረቀቱን የሚያገኘው ከማዋለጃ ክፍል ነው።

ምግብን በተመለከተ የተለየ አስተያየት አለኝ። ራሽን በነፍስ ወከፍ የሚቆጠር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮም በጣት አሻራ ይወሰዳል። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ራሽን በእጅጉ ሲቀንስና ቤተሰቦችን በችግራቸው መጠን ሲለያይ የተመዘገበው ሰው ያቀረበውን እሮሮ ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ ራሽን በምዝገባ ይሁን ቢባል አልከራከርም። ለተጎዳ ሕፃን የሚሰጠው ምግብ ግን ሕክምና ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ መለኪያው ቀይ ያሳያል፤ በዚያን ጊዜ ፕላምፒ ነት የሚያሰጠው ቀዩ ቀለም ነው።

«ወጪው ከየት ይምጣ?» ለሚለው፣ ክርክሩ የካኩማ ብቻ አይደለም። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2012 ወጪ ለመቀነስ ብላ ወረቀት የሌላቸውን ስደተኞች ከመደበኛው ሕክምና አስወጣች፤ ድንገተኛ ሕክምና፣ ወሊድና ሕፃናት ብቻ ተፈቀዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 መልሳ ከፈተችው። እንደ ነርስ ሳስበው የስኳር ወይም የደም ግፊት በሽተኛን ክኒን ከልክሎ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ሲመጣ መቀበል ቁጠባ አይመስለኝም።

እንግዳ ያላችሁ እንዲህ አድርጉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለውን፣ ላብ የሚያጠምቀውንና የከሳውን ለአክታ ምርመራ አምጡት። የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ የያዘውን ኦ.አር.ኤስ. እያጠጣችሁ ወዲያውኑ አምጡት። በሩ ላይ «ካርድ የለኝም፣ ስሜ እገሌ ነው፣ የማድረው በእገሌ ብሎክ ነው» ይበል፤ እውነተኛ ስሙንና የሚገኝበትን ስልክ ይስጥ። በዚያው ሳምንት ወደ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይሂድ፤ የሕክምና ወረቀቱንም ይያዝ። ካርድ የለህም ተብሎ ከተመለሰ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ የክሊኒኩን ኃላፊ ያነጋግር። ኃላፊው ካልተገኘ የብሎካችሁን የጤና ሠራተኛ ጥሩ፤ አብረን እንመለሳለን።