ክሬኑ እየፈጠነ ዕቃው ለምን ይዘገያል? የአውቶማቲክ መጋዘንን አፈጻጸም በሞዴል ስለመመዘን



በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። አንድ አውቶማቲክ መጋዘን ገና ሳይሠራ «ይበቃናል» ወይም «አይበቃንም» ብለን የምንፈርደው በምን ስሌት ነው? ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መደርደሪያው ከወለሉ ጋር ከታሰረና ጣራው ከለበሰ በኋላ ከፍታውን መለወጥ ወይም አንድ መተላለፊያ መጨመር እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ መታረም ያለበት ወረቀት ላይ ሳለ ነው።

በቅድሚያ ስለምን እንደምንነጋገር እንስማማ። አውቶማቲክ የማከማቻና የማውጫ ሥርዓት የምንለው፣ በሁለት ረጃጅም መደርደሪያዎች መካከል በሐዲድ ላይ የሚመላለስ ክሬን ያለው መጋዘን ነው። ክሬኑ ያለ ነጂ ፓሌት ያስቀምጣል፤ ያወጣልም። እ.ኤ.አ. በ1962 በጀርመን አገር፣ በጉተርስሎ ከተማ፣ ለበርትልስማን አሳታሚ ድርጅት የተሠራው ባለ ከፍተኛ መደርደሪያ መጋዘን ከዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ቀዳሚዎች እንደ አንዱ ይጠቀሳል።

ክሬኑ ወደ ፊት ሲሄድ ፓሌቱን የተሸከመው መድረክ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች በአንድ ጊዜ ስለሚከናወኑ፣ አንድ የማስቀመጫ ቦታ ላይ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ የሁለቱ ድምር አይደለም፤ ከሁለቱ የሚረዝመው ነው። ቀጥሎ የምናየው ስሌት ሁሉ የቆመው በዚህች ቀላል እውነታ ላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። መደርደሪያው 60 ሜትር ርዝመትና 18 ሜትር ከፍታ አለው። ክሬኑ በሰከንድ 2 ሜትር ይሄዳል፤ መድረኩ በሰከንድ 0.6 ሜትር ይወጣል። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድም ሆነ እስከ ላይ ለመውጣት 30 ሰከንድ ይፈጃል። ዕቃው በየትኛውም ቦታ የመገኘት ዕድሉ እኩል ከሆነ፣ የምንፈልገው ከዜሮ እስከ 30 በዘፈቀደ ከተወሰዱ ሁለት ቁጥሮች የትልቁን አማካይ ነው። ይህም 20 ነው። ደርሶ መልሱ በአማካይ 40 ሰከንድ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን በአጠቃላይ ቀመር ያስቀመጡት ያቩዝ ቦዘርና ጆን ዋይት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ነው። ከሁለቱ የጉዞ ጊዜያት ረጅሙን «ጊ» እንበለው፤ አጭሩን ለረጅሙ ስናካፍል የምናገኘውን ደግሞ «ቅ» እንበለው። ክሬኑ በአንድ ጉዞ አንድ ሥራ ብቻ ሲያከናውን አማካይ የጉዞ ጊዜው የሚከተለው ነው፦

ጊ × (1 + ቅ²/3)

በእኛ ምሳሌ ቅ 1 ስለሆነ ውጤቱ ያው 40 ሰከንድ ነው። አሁን የመደርደሪያውን የፊት ስፋት ሳንቀይር ቅርጹን ብቻ እንለውጥ፤ 90 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ከፍታ ይኑረው። በሁለቱም 1080 ካሬ ሜትር ነው። ጊ ግን 45 ሰከንድ፣ ከፍታው 20 ሰከንድ ይሆናል፤ አማካይ ጉዞውም ወደ 48 ሰከንድ ያድጋል። የማከማቻው መጠን አልተለወጠም፤ ክሬኑም ያው ነው፤ ጉዞው ግን በቅርጹ ምክንያት ብቻ በ20 በመቶ ረዘመ። ዕቃ በዘፈቀደ በሚቀመጥበት መጋዘን፣ የሁለቱ አቅጣጫዎች ጊዜ ሲመጣጠን ጉዞው አጭር ይሆናል።

ክሬኑ አንዱን ፓሌት አስቀምጦ ባዶውን ከሚመለስ በመንገዱ ሌላ ቢያወጣስ? ለዚህ ጥንድ ዑደት ቀመሩ እንዲህ ነው፦

ጊ × (4/3 + ቅ²/2 − ቅ³/30)

በምሳሌያችን 54 ሰከንድ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ማንሣትና ማስቀመጥ 8 ሰከንድ እንጨምር። ነጠላው ዑደት 56 ሰከንድ፣ ጥንዱ 86 ሰከንድ ይደርሳል። ሁለት ሥራ በነጠላ ዑደት 112 ሰከንድ ይወስድ ነበር። እንግዲህ በሰዓት 64 ገደማ የነበረው ሥራ ወደ 84 ገደማ ከፍ ይላል ማለት ነው። ዋረን ሃውስማን፣ ሌሮይ ሽዋርዝና ስቲቨን ግሬቭስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ሌላ መንገድ አሳይተዋል፤ ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን ዕቃ ለመረከቢያው ቅርብ በሆነ ስፍራ በምድብ ማስቀመጥ ጉዞውን ያሳጥራል።

እስከዚህ ያየነው ሁሉ ስለ ክሬኑ ነው። ተጠቃሚው ግን ክሬኑን አያውቅም፤ የሚያውቀው ዕቃውን ጠይቆ እስኪደርሰው ያለውን ጊዜ ነው። በአቅራቢዎች ሰነድ ላይ «በሰዓት 64» የሚል ቁጥር ስናይ በሰዓት 60 ጥያቄ ላለው ድርጅት የሚበቃ ይመስለናል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄዎች ሰዓት ጠብቀው በእኩል ርቀት አይመጡም። አንዳንዴ ይደራረባሉ፤ አንዳንዴ ይጠፋሉ። ክሬኑ ባዶውን የቆመባት ደቂቃ ደግሞ ተጠራቅማ ለኋላ አትተርፍም። ጥያቄዎቹ በዘፈቀደ ከመጡና በቅደም ተከተላቸው ከተስተናገዱ፣ የፖላቼክና የኪንቺን ቀመር አማካይ የወረፋ ጊዜን ይሰጠናል። ወሳኙ ነገር የሥራ ጫናው ነው፤ ማለትም ክሬኑ ከጊዜው ምን ያህሉን በሥራ ላይ እንደሚያሳልፍ።

በነጠላው ዑደት እናስላው። ጫናው 70 በመቶ ሲሆን፣ ማለትም በሰዓት 45 ጥያቄ ሲመጣ፣ አማካዩ ጥበቃ 70 ሰከንድ ገደማ ነው። ጫናው 90 በመቶ ሲደርስ፣ ጥያቄው ወደ 58 ሲጠጋ፣ ጥበቃው 4 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይሆናል። በ95 በመቶ፣ በሰዓት 61 ጥያቄ፣ 9 ደቂቃ ተኩል ይጠጋል። ልብ በሉ፤ በሰዓት ሦስት ጥያቄ ብቻ ተጨመረ፤ ጥበቃው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በጆን ሊትል ሕግ መሠረት በዚያን ጊዜ ወረፋ ላይ ያሉት ጥያቄዎች በአማካይ ወደ አሥር ይጠጋሉ።

ይህ ለእኛ አገር መሐንዲስ የተለየ ትርጉም አለው። መብራት ቢቋረጥ ወይም መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ክሬኑ ቢቆም፣ የዚያ መተላለፊያ ዕቃ በሙሉ እንደ ተቆለፈ ይቆጠራል። ክሬኑ ከጊዜው 5 በመቶውን ብቻ ቢቆም በሰዓት 64 የነበረው አቅም ወደ 61 ይወርዳል። ስለዚህ በ90 በመቶ ጫና ይሠራል የተባለው መጋዘን በተግባር ወደ 95 በመቶ ይጠጋል። መቆሙ ረዘም ያለ ሲሆን ደግሞ ወረፋው ከቀመሩ ውጤትም ይብሳል። የብልሽትንና የጥገናን ጊዜ ያላካተተ ሞዴል እንግዲህ የሚገልጸው የእኛን መጋዘን አይደለም።

ሞዴሎቹ የየራሳቸው ወሰን እንዳላቸው አልሸሽግም። ቀመሮቹ ክሬኑ ፍጥነቱን ለመያዝና ለመብረድ የሚፈጅበትን ጊዜ አይቆጥሩም። የወረፋው ስሌት ደግሞ የአንድ ሥራ ጊዜ ከወረፋው ርዝመት ጋር እንደማይለወጥ ያስባል። በእውነቱ ግን ወረፋ ሲረዝም የሚጣመር ሥራ ስለሚበዛ፣ ጥንድ ዑደት በሚሠራ መጋዘን ክሬኑ ራሱ ይፈጥናል። በየደረጃው የራሱ ተሽከርካሪ ባለው አዲሱ ዓይነት ሥርዓት ደግሞ ማነቆው ብዙ ጊዜ ተሽከርካሪው ሳይሆን ሊፍቱ ነው። እነዚህን ለመመርመር የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ያስፈልገናል። ሆኖም ቀመር ያልቀደመው ሲሙሌሽን ስሕተቱ የማይታወቅ ሲሙሌሽን ነው። በወረቀት ላይ የተገኘውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀላል በሆነው ሁኔታ መድገም ካልቻለ፣ ውስብስቡን ልናምነው አይገባም።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ በጨረታ ኮሚቴ ፊት ስትቀመጡ «በሰዓት ስንት?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። በምን ዓይነት ዑደት? በስንት በመቶ ጫና? ክሬኑ ሲቆምስ? ዕቃ ጠያቂው ስንት ደቂቃ ይጠብቃል? ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ስሌት ዛሬ በአንድ ገለጻ ውስጥ ተጠናቅቋል፤ ሳይጠየቅ የቀረ እንደሆነ ግን ዋጋው መጋዘኑ እስካለ ድረስ ይከፈላል።