እስፕሬይ ከመርጨታችሁ በፊት

ዓመት በዓል ሲቃረብ ቤት ውስጥ ያለው የእንጨት ዕቃ ሁሉ ያረጀ መስሎ ይታየናል። የመስታወቱ ፍሬም፣ ግድግዳ ላይ ያለችው መደርደሪያ፣ የሻማ ማስቀመጫው፣ አልጋው አጠገብ ያለው ኮመዲኖ። አንድ ጣሳ እስፕሬይ ቀለም ገዝቶ እነዚህን ማደስ አዲስ ከመግዛት ስለሚረክስ ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን ሁሉም ዕቃ አይረጭም። የሚረጨውም ቢሆን ትልቁ ልፋት ያለው ጣሳው ከመነካቱ በፊት ነው።

መጀመሪያ የማይነካውን እንለይ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ወይም ዕድሜ ጠገብ የዋንዛ ሣጥን ቤታችሁ ካለ እባካችሁ ተዉት። የእነሱ ውበት ከእጅ ብዛት ያገኙት ወዝ ነው። ቅርጹ ውስጥ የገባ ቀለም ደግሞ ቅርጹ ራሱ ካልተፋቀ አይወጣም። በጨርቅ ወልውሎ በስሱ የተልባ ዘይት መቀባት ይበቃቸዋል። (ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትጥሉት፤ በራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።) ረከቦትም ቢሆን እግሩንና ጎኑን እንጂ ላዩን አልረጭም፤ የታጠበ ሲኒ አፉን ደፍቶ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው።

የሚረጨው እንግዲህ ፋብሪካ ያመረተው፣ ቀድሞም ቀለም ወይም ቫርኒሽ የለበሰው፣ ኤምዲኤፉና ቺፑዱ ነው።

እስፕሬይ ቀለም ሲጀመርም ለእንጨት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1949 ኤድዋርድ ሲይሞር የተባለ አሜሪካዊ የቀለም ነጋዴ ነው ለብረት የቤት ማሞቂያ የሚሆን የአሉሚኒየም ቀለሙን ለደንበኞች ለማሳየት ጣሳ ውስጥ ከጋዝ ጋር የጨመረው። ብረት ቀለም አይመጥም፣ እንጨት ግን ይመጣል። ኤምዲኤፍ ሲሆን በተለይ የተቆረጠው ጠርዙ የሰጡትን ሁሉ ጠጥቶ እንደ ሻከረ ይቀራል። ስለዚህ ጠርዙን በውሃ በቀጠነ የአናጢ ኮላ ወይም በስቱኮ ድፈኑት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱትና ፕራይመር ስጡት። ጽድና ሌላም ሙጫ ያለው እንጨት ደግሞ ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ ጉጡ ባለበት ቦታ ሙጫው ወደ ላይ ይወጣና ነጩ ቀለም ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይሠራል። ያንን ዕድፍ የሚያግድ ፕራይመር ከሌላችሁ ነጭ አትምረጡ፤ ጠቆር ያለ ቀለም ይሸሽግላችኋል።

ሌላው ችግር ለዓይን የማይታየው ነው። የዕጣኑ ጢስ፣ የወጡ ቅባት፣ ሳምንት በሳምንት የሚቀባው የዕቃ ማጽጃ ፖሊሽ ሁሉ እንጨቱ ላይ ተደርቦ ይቆያል። ፖሊሹ ሲሊከን ካለበት ቀለሙ ሲያርፍበት እየሸሸ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል። በሳሙና ውሃ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ወዙን ብቻ ግፈፉለት። ዕቃው የቆየ ዘይት ቀለም ከለበሰ ግን ደረቁን አትፈግፍጉት፣ እያራሳችሁ ይሁን። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባ ሊድ በሕግ የተገደበው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ ነው። ከዚያ በፊት የተቀባው ምን እንዳለበት ስለማይታወቅ ልጆች ባሉበት ቤት አቧራውን ማስነሳት አያስፈልግም።

አየሩንም አስተውሉ። ለእንቁጣጣሽ ብለን ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንጣደፋለን፤ አየሩ ግን ገና እርጥብ ነው። ከጣሳው የሚወጣው ማሟሚያ በፍጥነት ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ ከአየሩ ላይ እርጥበት ያርፍበትና ቀለሙ ነጣ፣ ደብዘዝ ይላል። በክረምት የምትሠሩ ከሆነ ፀሐይ የወጣችበትን ረፋድ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያለውን ጊዜ ምረጡ። በበጋ ደግሞ ጠላቱ ነፋስና አቧራ ስለሆነ ትልቅ የቴሌቪዥን ካርቶን በጎኑ አስተኝታችሁ ዕቃውን ውስጡ አስቀምጡት።

አረጫጨቱ ራሱ ቀላል ነው። በጣሳው ውስጥ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላም አንድ ደቂቃ ያህል ነቅንቁት። ከዕቃው አንድ ስንዝር ከምናምን ራቁ። ጣታችሁ መጫን የሚጀምረው ከዕቃው ውጭ ነው፣ የሚለቀውም ዕቃውን ካለፈ በኋላ። እንደዚያ ካልሆነ ዳር ዳሩ ላይ ይጠራቀምና ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ዙር እንጨቱን ሳይሸፍን ቢቀር አትደንግጡ፣ እንዲሸፍንም አይጠበቅም። በስሱ ሦስት ዙር አንዴ ከተለሰነ ወፍራም ይሻላል። በየዙሩ መሐል ምን ያህል መጠበቅ እንዳለባችሁ ጣሳው ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ «በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ወይም ከ24 ሰዓት በኋላ» የሚል ዓይነት ነው። መሐል ላይ ከደገማችሁ አዲሱ ማሟሚያ ግማሽ የደረቀውን ያሳብጠውና ቀለሙ ይጨማደዳል።

ስለ ቀለም ምርጫ ሁለት ቃል። ወርቃማው ሁሉንም ቤት ወርሮታል፤ ለመስታወት ፍሬም ያምራል፣ ለመደርደሪያ ግን እጅ ሲበዛበት ይደበዝዛል። ይጠብቀዋል ብላችሁ ከላዩ መከላከያ ቫርኒሽ ብትረጩበትም ብልጭታው ይቀንሳል። የሚያብረቀርቀውን ደግሞ እናቴ «የመኪና በር አስመሰላችሁት» ትለዋለች። ለእንጨት እኔ የማደላው ወዙ ለሞተው፣ ማት ለሚባለው ነው፤ ትንንሽ ጭረትና ጎርበጥባጣንም አያጋልጥም።

በመጨረሻ ስለ እሳት። ጣሳው ውስጥ ያለው ጋዝ ብዙውን ጊዜ ቡቴንና ፕሮፔን ነው፤ ምድጃችሁ ሥር ያለው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ማለት ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። የቡና ከሰል ያለበት ማንደጃ ደግሞ ወለል ላይ ነው። ስለዚህ በረንዳ ላይም ብትሆኑ ቡና እየተፈላ አትርጩ። የኮቪድ ጊዜ ማስክ ብናኙን በመጠኑ ቢይዝም ሽታውን አያቆምም፤ ክፍት ቦታ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጋችሁ ሥሩ። ባዶውን ጣሳ ግቢ ውስጥ ቆሻሻ በሚቃጠልበት ቦታ አትጣሉት፣ ይፈነዳል። ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊትም ውጭ ሆናችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ተጫኑት።