ጎልፍ ሳይጫወቱ ጎልፍን መከታተል፦ በዓመት አራት እሑዶች

እግር ኳስ በ90 ደቂቃ ያልቃል፤ ጎልፍ አራት ቀን ይፈጃል። ይህን ሲሰሙ ገጹን ሊገልጡ ካሰቡ ጥቂት ይታገሱኝ። እኔም የጎልፍ ዱላ ጨብጬ አላውቅም። ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ቅዳሜና እሑዴም እንደ እርስዎ ሁሉ በገበያ፣ በልብስ አጠባና በዘመድ ጥየቃ የተያዘ ነው። ሆኖም በዓመት አራት ጊዜ ለዚህ ስፖርት ጊዜ እሰጣለሁ፤ ለእርስዎና ለቤተሰብዎም የምመክረው ይህንኑ ነው።

አራቱ ብቻ ይበቃሉ

ፕሮፌሽናል ጎልፍ ዓመቱን ሙሉ ሲካሄድ ይከርማል። ሁሉንም ልከታተል ካሉ ሥራዎን መልቀቅ ይኖርብዎታል። እንደ እኛ ላለው ተመልካች ግን «ሜጀር» የሚባሉት አራት የወንዶች ውድድሮች በቂ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ለማስታወስም ቀላል ናቸው፤ በአራት ተከታታይ ወራት ይመጣሉ። ማስተርስ በሚያዝያ መግቢያ፣ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ በግንቦት፣ ዩኤስ ኦፕን በሰኔ፣ ዘ ኦፕን ደግሞ በሐምሌ ይካሄዳል። ማስተርስ ሁልጊዜ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በሚገኘው ኦገስታ ናሽናል ሲሆን ሌሎቹ በየዓመቱ ሜዳ ይቀያይራሉ። አንጋፋው ዘ ኦፕን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1860 ስኮትላንድ ውስጥ ተጀመረ።

ሰሌዳውን እንዴት ያነቡታል?

ውድድሩ ከሐሙስ እስከ እሑድ ነው። ተጫዋቹ በየቀኑ ኳሷን 18 ጉድጓዶች ውስጥ ያስገባል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ኳሷ በስንት ምት መግባት እንዳለባት የተወሰነ ቁጥር አለው፤ ይህ «ፓር» ይባላል። በአንድ ምት አሳንሶ ያስገባ «በርዲ» አገኘ ይባላል፤ አንድ ምት ያስረዘመ ደግሞ «ቦጊ»። ስለዚህ ከስሙ ፊት የመቀነስ ምልክት ያለበት ተጫዋች በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው ማለት ነው። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ትንሽ ቁጥር ያሸንፋል። ዓርብ ማታ ብዙዎቹ ይሰናበታሉ፤ ቅዳሜና እሑድ የሚጫወቱት የተሻሉት ብቻ ናቸው። ከዚህ በላይ ሕግ ማወቅ አይጠበቅብዎትም።

ቁጥሩን ትተው ሰውየውን ይከተሉ

በእኛ ሥራ በወሩ መጨረሻ አንድ ቁጥር ይዘን አለቃ ፊት እንቀርባለን። ቁጥሩ ግን እዚያ ለመድረስ የታለፈውን አይናገርም። የጎልፍ ሰሌዳም እንደዚሁ ነው። ጣዕሙ የሚገባዎት አንድ ሰው መርጠው አራቱን ቀን ሲከተሉት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 ዩኤስ ኦፕን በፔንሲልቬንያ ኦክሞንት ሲካሄድ የሆነውን ይመልከቱ። የዚህ ውድድር የመጨረሻ ቀን በአሜሪካ የአባቶች ቀን ላይ ይውላል። ጄ. ጄ. ስፖን ለዋንጫ ሊጫወት በዋዜማው ሌሊት ትንሿ ልጁ ታመመችና ታስመልስ ጀመር። እሱም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ መድኃኒት ሊገዛ ወጣ። ሜዳ ሲገባ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ጉድጓዶች በአምስቱ ቦጊ አገኘ። በዚህ መሃል ከባድ ዝናብ መጥቶ ጨዋታው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተቋረጠ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ 20 ሜትር ከሚጠጋ ርቀት የመታት ኳስ ተንከባልላ ገባች። ከፓር በታች የጨረሰው እሱ ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያ ሜጀሩንም ወሰደ። ልጅ ታሞባት ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች እናት፣ በማግስቱም ቢሮ የገባ አባት ይህን ታሪክ ለመረዳት የጎልፍ ዕውቀት አያስፈልጋቸውም።

የሰሜን አየርላንዱ ሮሪ ማክልሮይ ታሪክ ደግሞ ረዘም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የ21 ዓመት ወጣት ሳለ ማስተርስን በአራት ምት እየመራ እሑድ ገባ፤ ያን ቀን 80 ምት መትቶ ዓለም እያየው ወደ ኋላ ቀረ። ከዚያ ሌሎቹን ሦስት ሜጀሮች ሲያሸንፍ ማስተርስ ግን እምቢ አለው። ከ2014 በኋላማ ምንም ሜጀር ሳያገኝ አሥር ዓመት አለፈ። በ2025 እንደገና እየመራ ወደ እሑድ ደረሰ፤ መሪነቱን አጣ፣ አገኘ፣ መልሶ አጣ። በመጨረሻ ከጀስቲን ሮዝ ጋር እኩል ወጥተው በተጨማሪ ጉድጓድ አሸነፈው፤ በጉልበቱ ተንበርክኮም አለቀሰ። አራቱንም ሜጀሮች ካሸነፉ ወንዶች ስድስተኛው ሆነ። 14 ዓመት የጠበቀን ሰው ሲያለቅስ ማየት፣ ለልጅ «ሞክር፣ አትተው» ብሎ ከመምከር ይበልጣል።

እንቅልፍዎንና ቤትዎን ይጠብቁ

አሜሪካ የሚካሄዱት ሦስቱ ሜጀሮች አዲስ አበባ ላለ ሰው አድካሚ ናቸው። የእሑዱ ፍጻሜ በእኛ ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሊዘልቅ ይችላል፤ ሰኞ ደግሞ ሥራ አለ። ለእነዚህ ሐሙስና ዓርብ ውጤቱን በስልክዎ ማየት፣ እሑድ የመጀመሪያውን ክፍል ተመልክቶ መተኛት፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር የተቀዳውን አጭር ቅንብር ማየት ይበቃል። ማን እንዳሸነፈ እንዳይነግሩዎት ግን ባልደረቦችዎን ያስጠንቅቁ።

ለቤተሰብ የሚመቸው የሐምሌው ዘ ኦፕን ነው። በእንግሊዝና በእኛ መካከል በዚያ ወቅት ያለው ልዩነት ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ፍጻሜው ብዙ ጊዜ ከእራት ሰዓት አያልፍም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ውጪ ዝናብ ነው። ጨዋታው ዝግ ያለ በመሆኑ እያወሩ፣ በቆሎ እየጠበሱ፣ ሽሮ እያማሰሉ መከታተል ይቻላል።

ሐሙስ ዕለት እያንዳንዱ የቤቱ ሰው አንድ አንድ ተጫዋች ይምረጥ፤ አያትም ቢሆኑ አይቅሩ። የመረጡት ሰው ዓርብ ማታ የተሰናበተበት፣ እሑድ ቡናውን ያፈላል።