ዙም የሌለው ካሜራ ገደል አፋፍ ላይ

ሌንሱ የማይነቀል፣ ዙምም የሌለው ካሜራ የያዘ ሰው ከባለሙያዎች ደጋግሞ የሚሰማው ምክር አለ፦ ዙም ከሌለ በእግር መጠጋት ነው። ምክሩ ለከተማ ጎዳና ይሠራል። የሚነሣው ሰው ከራቀ ሁለት እርምጃ መቅረብ፣ ከቀረበም ወደ ኋላ ሸሸት ማለት ይበቃል። ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ 3,926 ሜትር ከፍታ ባለው እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ የቆመ ፎቶ አንሺ ግን የሚጠጋበት መሬት የለውም። ከጫማው ጫፍ ቀጥሎ ያለው ገደል ነው፤ ዓይኑ ያረፈበት ሹል ተራራ ደግሞ ከገደሉ ማዶ ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ የሚሄዱ ብዙ ፎቶ አንሺዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ሌንሶች በቦርሳ አጭቀው የሚወጡት ለዚህ ነው። አንድ ሌንስ ብቻ ያለው ካሜራ ለእነሱ የመንገድ ላይ ፎቶ ዕቃ እንጂ የተራራ ዕቃ አልነበረም።

ነገሩን የቀየረው የሜጋፒክስል ብዛት ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ሙሉ ፍሬም ሴንሰርን ከማይነቀል 35 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ያጣመረውን አርኤክስ1 የተባለ ትንሽ ካሜራ ሲያወጣ መጠኑ 24 ሜጋፒክስል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ተከታዩ 42 ደረሰ። ላይካ በ2019 ኪው2ን በ47፣ በ2023 ደግሞ ኪው3ን በ60 ሜጋፒክስል አወጣ። ፉጂፊልም በማርች 2025 ይፋ ያደረገው ጂኤፍኤክስ100አርኤፍ ግን ሁሉንም ጥሎ አለፈ፦ 102 ሜጋፒክስል። ሴንሰሩ 44 በ33 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን በስፋቱ የሙሉ ፍሬም ሴንሰርን 1.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። ሌንሱ 35 ሚሊሜትር ነው፤ ሴንሰሩ ትልቅ በመሆኑ ግን የሚያሳየው ስፋት ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 28 ሚሊሜትር ሌንስ ከሚያሳየው ጋር እኩል ነው። ገደሉን፣ ሸለቆውንና ሰማዩን አንድ ላይ ለመያዝ የሚስማማ ስፋት ነው።

የሜጋፒክስሉ ትርፍ የሚታየው ያ ሩቅ ተራራ ሲፈለግ ነው። የካሜራው ሙሉ ፎቶ 11,648 በ8,736 ፒክስል ነው። ከዚህ ላይ ዳር ዳሩን ቆርጦ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ብቻ ቢያስቀሩ 31 ሜጋፒክስል ይተርፋል። እስከ 63 ሚሊሜትር ቢጠብ እንኳ 20 ሜጋፒክስል አለ። ካሜራው ይህን መቁረጥ በራሱ ማንሻ ይሠራዋል፤ ጥሬው ፋይል ላይ ግን ሙሉው ምስል ሳይነካ ስለሚቀመጥ ቤት ገብቶ ሐሳብን መቀየር ይቻላል። ወደ ኅትመት ሲቀየር፣ በኢንች 300 ነጥብ ሒሳብ፣ ሙሉው ፎቶ 99 በ74 ሳንቲሜትር ገደማ ይወጣል። 31 ሜጋፒክስሉ ደግሞ 54 በ41 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ለሳሎን ግድግዳ የሚበቃ ነው።

ብዙ ሰው ቆርጦ ማቅረብን እንደ ማጭበርበር፣ እውነተኛው ማቅረብ ግን የረጅም ሌንስ ሥራ እንደሆነ አድርጎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። በቅርቡ ድንጋይና በሩቁ ተራራ መካከል ያለውን የመጠን ዝምድና የሚወስነው ካሜራው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ከአንድ ቦታ በረጅም ሌንስ የተነሣ ፎቶና በሰፊ ሌንስ ተነሥቶ የተቆረጠ ፎቶ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በፒክስል ብዛትና በጥራት ነው። ስለዚህ እግር መጠጋት በማይችልበት ገደል አፋፍ ላይ ከፍተኛ ሜጋፒክስልና የማይነቀል ሌንስ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ወሰን ግን አለው። ከማዶው ገደል ላይ የቆመን ዋልያ ለማንሣት የመጣ ሰው 300 ወይም 400 ሚሊሜትር ሌንስ ያስፈልገዋል፤ ይህ ካሜራ ለእሱ አይደለም።

ሌላው ዕዳ ጥራት ነው። ቆርጦ ማቅረብ የሚሠራው እያንዳንዱ ፒክስል ጥርት ብሎ ሲገኝ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ በነጻ አይመጣም።

አንድ የተለመደ ፍሬም እንውሰድ። ከፊት፣ ሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ ጅብራ የተባለው ተክል ቆሟል፤ ከኋላ የተራሮቹ ሰንሰለት አለ። ፎቶ አንሺው የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ አድርጎ በቆየው የፎከስ ሠንጠረዥ ቢሄድ፣ አራት ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ፎከስ ካደረገ ከጅብራው ጀምሮ እስከ አድማስ ሁሉም ጥርት እንደሚል ይነገረዋል። በካሜራው ጀርባ ባለው ትንሽ ስክሪን ሲያየውም እውነት ይመስላል። ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ለሙሉ ሲያጎላው ግን የቅጠሎቹ ጠርዝ ልስልስ ብሏል፤ ተራራውም እንደሚጠበቀው አልሰላም። ሠንጠረዡ የተሠላው ፎቶ በመጠነኛ ትልቀት ታትሞ ከመጠነኛ ርቀት ለሚታይበት ሁኔታ ነው። 102 ሜጋፒክስል ያንን ይቅርታ አያውቅም።

ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 16 ማጥበብ መፍትሔ ይመስላል። ብርሃን ግን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ በዚህ ሴንሰር ላይ አንድ ፒክስል 3.76 ማይክሮሜትር ብቻ በመሆኑ መበተኑ ቶሎ ይታያል። ጅብራውን ለማዳን ሲባል ተራራውም አብሮ ይፈዛል። የሚሻለው ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ባለው ቆይቶ ሁለት ጊዜ ማንሣት ነው፤ አንድ ጊዜ ጅብራው ላይ፣ አንድ ጊዜ ተራራው ላይ ፎከስ አድርጎ ኋላ በኮምፒውተር ማጋጠም። የጅብራ ቅጠል ደንዳና ስለሆነ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ብዙም አይንቀሳቀስም። በዙሪያው ያለው የጓሳ ሣር ግን በነፋስ ይወዛወዛል፤ ነፋሱ እስኪያርፍ መጠበቅ የግድ ነው።

ከዚያ የእጅ መንቀጥቀጥ አለ። ላይካ ኪው3 ሌንሱ ላይ ማረጋጊያ አለው፤ የፉጂፊልም ትንሹ ኤክስ100ቪአይ ደግሞ ሴንሰሩ ላይ። ጂኤፍኤክስ100አርኤፍ ማረጋጊያ የለውም፤ በእኔ ግምት ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው። ለ35 ሚሊሜትር ሌንስ የሰከንድ 1/35 ፍጥነት ይበቃል የሚለው የድሮ ሕግ እዚህ አይሠራም። 1/125 ወይም ከዚያ በላይ ማለት ይሻላል፤ በተለይ አቀበት ወጥቶ ደረቱ ገና ለሚያለከልክ ሰው። ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ማለትም ብርሃኑ በሚያምርባቸው ሰዓቶች፣ ያ ፍጥነት አይገኝም። ያኔ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና የሁለት ሰከንድ ማዘግያ ያስፈልጋሉ። ደግነቱ ሹተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለ የትንንሽ ቅጠሎች ሹተር በመሆኑ ካሜራውን የሚያነቃንቅ ነገር እምብዛም የለውም።

ማቆሚያው ክብደት ይጨምራል የሚል ካለ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ካሜራው ከነባትሪውና ከነካርዱ 735 ግራም ይመዝናል። ሌንሱ የሚነቀለው የዚያው ቤተሰብ ካሜራ፣ ጂኤፍኤክስ100ኤስ 2፣ ብቻውን 883 ግራም ሲሆን ከ20 እስከ 35 ሚሊሜትር ያለው ሰፊ ሌንሱ 725 ግራም ይጨምርበታል። ልዩነቱ ከ850 ግራም በላይ ነው። ያን ክብደት ቀላል ማቆሚያ ላይ ማዋል ጥሩ ልውውጥ ይመስለኛል። በሰሜን ተራሮች ከሳንቃበር ወደ ግጭ በእግሩ ለሚሻገር ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ እያንዳንዱ ግራም ይሰማዋል።

ካሜራው ጀርባ ላይ የምስሉን ቅርጽ የሚቀይር መዘውር አለ። ከምርጫዎቹ አንዱ 65 ለ24 ሲሆን፣ ሃሰልብላድና ፉጂፊልም በ1998 በፊልም ዘመን አብረው ካወጡት ኤክስፓን ካሜራ የመጣ ረጅም ቅርጽ ነው። የሰሜን ተራሮችን የገደል ጠርዝ ለሚያነሣ ሰው ከዚህ የሚስማማ ቅርጽ አይገኝም፤ ባዶው ሰማይ ይቀራል፣ 50 ሜጋፒክስል ያህል ግን ይተርፋል።

ሜጋፒክስል የማያሸንፈው ነገር አየሩ ነው። የበጋው አቧራና ጭጋግ ሩቁን ተራራ ሲሸፍነው 102 ሜጋፒክስል ጭጋጉን ቁልጭ አድርጎ ከመቅዳት ሌላ የሚያመጣው የለም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ አየሩ ታጥቦ ሜዳው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ያውም ፀሐይ ገደሉን ሳታሞቀው በማለዳ፣ ይህ ካሜራ ዋጋውን ያወጣል።

ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ ሌላ ጠባዩ ይታያል። ፏፏቴው ሲሞላ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል፤ ከፊት ለፊት ሲታይ ለሰፊ ሌንስ የተሠራ ነው ያሰኛል። ውኃው እንደ ሐር ተለስልሶ እንዲታይ ሹተሩ ረዘም ላለ ጊዜ መከፈት አለበት። ሌንሱ ውስጥ የተሠራው ብርሃን ቀናሽ ፊልተር ብርሃኑን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ያወርደዋል፤ በ1/15 ሰከንድ ይነሣ የነበረው ፎቶ አንድ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ለሚረጨው ውኃ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ካሜራው ከእርጥበት የሚጠበቀው አብሮት የሚመጣው ቀለበትና መከላከያ ፊልተር ሌንሱ ላይ ሲገጠም ነው፤ ፊልተሩ ላይ ያረፈችው ጠብታም በየፎቶው መካከል በለስላሳ ጨርቅ መጠረግ አለባት።

ቤት ከተገባ በኋላ ያለው ወጪም መታሰብ አለበት። ያልታመቀው ጥሬ ፋይል እያንዳንዱ ከ200 ሜጋባይት በላይ ነው፤ 64 ጊጋባይት ካርድ 300 ያህል ፎቶ ይዞ ይሞላል። አሮጌ ላፕቶፕ ይህን ሲከፍት ይንገዳገዳል።

የጂኤፍኤክስ100አርኤፍ ዋጋ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ 4,899 ዶላር ነበር። ኤክስ100ቪአይ በ2024 ሲወጣ በ1,599 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ክብደቱ 521 ግራም፣ መጠኑ 40 ሜጋፒክስል ነው፤ እሱም አብሮ የተሠራ ብርሃን ቀናሽ ፊልተር አለው። ሳይቆረጥ በኢንች 300 ነጥብ 65 በ44 ሳንቲሜትር ይታተማል። ሌንሱ እንደ 35 ሚሊሜትር ስለሚያሳይ በስፋት ከትልቁ ይጠባል፤ ቆርጦ ለማቅረብም ያን ያህል ትርፍ የለውም። ከ65 በ44 ሳንቲሜትር በላይ አሳትሞ የማያውቅና ማቆሚያ መሸከም የማይወድ ሰው ግን ገንዘቡን ለትንሹ ካሜራ አውሎ የቀረውን ለጉዞው ቢያደርገው ይሻለዋል። ትልቁ የሚገባው አንድ ሜትር ለሚደርስ ኅትመት ለሚሠራ፣ ከአንድ ፍሬም ሁለት ሦስት ፎቶ ለሚያወጣና ማቆሚያውን ዘርግቶ ነፋሱ እስኪያርፍ ለሚታገሥ ፎቶ አንሺ ነው።