ሶኬቱ አንድ፣ ቋንቋው ብዙ

እንበል፤ አንድ አሮጌ ቶዮታ ቪትዝ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሲወጣ አቀበቱ ላይ ጉልበት አጣ። የቼክ ኢንጅን መብራቱ እንደበራ የካ ውስጥ ካለ ጋራዥ ገባ። መካኒኩ መመርመሪያውን ከመሪው ስር ባለችው ባለ16 ፒን ሶኬት ላይ ሰካ። መልስ የለም። የመኪናው ኮምፒውተር ተቃጥሎ ይሆን?

ቴስተሩን አነሳ። ፒን 16 ላይ 12 ቮልት አለ፤ 4 እና 5 ኔጋቲቭ ናቸው። ኤሌክትሪኩስ ደህና ነው። ፒን 6 እና 14ን ሲያይ ግን ሽቦ የላቸውም።

እነዚህ «ካን» (CAN) የሚባለው የመረጃ መስመር ቦታዎች ናቸው። የጀርመኑ ቦሽ ካንን እ.ኤ.አ. በ1983 መሥራት ጀምሮ በ1986 ዲትሮይት ላይ ይፋ አደረገው፤ የሞተሩና የፍሬኑ ኮምፒውተሮች በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች መረጃ እንዲቀባበሉ ነበር። አሜሪካ በበኩሏ የጭስ ብክለትን ለመቆጣጠር ስትል ከ1996 ጀምሮ ሶኬቱን ግዴታ አደረገች። ካን ግን የግድ የሆነው በ2008 ነው። በእነዚያ 12 ዓመታት ሶኬቱ አንድ ይሁን እንጂ ከጀርባው ያለው መስመር እንደ አምራቹ ይለያይ ነበር።

መካኒኩ ፒን 7 ላይ ሽቦ አገኘ፤ ከእነዚያ መስመሮች አንዱ የሆነው ኬ መስመር ነው። መመርመሪያው ይህን መስመር በሰከንድ 5 ቢት ብቻ እየላከ ይቀሰቅሰዋል፤ ጥሪው ብቻውን 2 ሰከንድ ይፈጃል። አሁንም ዝም። ለካ መኪናው የተሠራው ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ነው፤ የአሜሪካ ሕግ አያስገድደውም። ከሜኑው ላይ «ቶዮታ»ን ሲመርጥ ኮምፒውተሩ መለሰ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር አይቀጣጠልም።

ጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ ጋራዦቹን የኤሌክትሪክ መኪና እያዘወተራቸው ነው። መኪናው ጠፍቶ ፒን 6 እና 14 መካከል ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ 60 ኦም ይገኛል፤ የካን መስመር ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ባለ120 ኦም ሬዚስተሮች በትይዩ ተያይዘው የሚሰጡት ውጤት ነው። ሽቦው እንግዲህ የታወቀ ነው። ነገር ግን አምራቾችን በጋራ ኮድ እንዲግባቡ ያስገደዳቸው የጭስ ሕግ ነበር፤ ጭስ የሌለው መኪና በአብዛኛው ከዚያ ግዴታ ውጭ ሆኖ ቆይቷል። የባትሪው ጤንነት የሚነበበው በአምራቹ የራሱ ኮድ ነው። ስለዚህ መመርመሪያ የሚገዛ ባለጋራዥ «ካን ያነባል?» ብሎ ቢጠይቅ አይበቃውም፤ የትኛውን አምራች፣ የትኛውን ሞዴል፣ ለየትኛው ገበያ የተሠራውን እንደሚያነብ ይጠይቅ።