የማስታወቂያ ውሾች ጠባይና ችሎታ

በቴሌቪዥን ወይም በቪዲዮ ውሻ ማስታወቂያ ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሻው ያዝናል፣ ይደሰታል፣ አንዳንዴም እንደ ሰው ይናገራል። ለመሆኑ የሚያስተዋውቀውን ዕቃ ያውቀዋልን? አያውቀውም። እርሱ የሚያውቀው አሠልጣኙንና በአሠልጣኙ ኪስ ያለችውን ቁራጭ ሥጋ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከወላጆች መካከል በሸክላ ዘፈን የሰማችሁ ካላችሁ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ የግራሞፎን ጡሩምባ የሚያዳምጥ ውሻ በሸክላው ላይ አይታችሁ ይሆናል። ይህ ውሻ ኒፐር ይባላል። በ1884 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ተወለደ። ስሙ የወጣለት የእንግዳ እግር መንከስ ይወድ ስለነበር ነው ይባላል። ጌታው ሲሞት የጌታው ወንድም፣ ሠዓሊው ፍራንሲስ ባሮ፣ ወሰደው። ኒፐር ከማጫወቻው የሚወጣው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ግራ እየገባው ያዳምጥ እንደነበር ሠዓሊው ተናግሯል። ሥዕሉ የተሣለው ግን ውሻው በ1895 ከሞተ በኋላ ነው። በ1899 የግራሞፎን ኩባንያ በ100 ፓውንድ ገዛው፤ በሥዕሉ ላይ የነበረውንም የሌላ ዓይነት ማጫወቻ አስጠፍቶ የራሱን አስቀባበት። ኒፐር እንግዲህ በሕይወቱ ያላየውን ዕቃ ነው ለዓለም ያስተዋወቀው።

ኒፐርን ማንም አላሠለጠነውም። ዛሬ ግን አሠልጣኞች ውሻ ሲመርጡ ከመልኩ ይልቅ ጠባዩን ያያሉ። ፊልም በሚነሳበት ቦታ ኃይለኛ መብራት ይበራል፣ እንግዳ ሰው ይተራመሳል። ፈሪ ውሻ እዚያ ጅራቱን ቆልፎ ይሸሸጋል፤ ቁጡውም ይናከሳል። የሚፈለገው የማይደነግጥ፣ አንዱን ነገር ሃያ ጊዜ ቢደግም የማይሰለች ነው። ኳስ ካየ አላርፍ የሚል፣ ቤተሰቡን ያስቸገረ ውሻ ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ ይሆናል። ማስታወቂያ ሳይሆን ፊልም ቢሆንም፣ በ1974 «ቤንጂ» በተባለው ፊልም የሠራው ሂጊንስ የተገኘው ባለቤት የሌላቸው እንስሳት ከሚጠለሉበት ግቢ ነው።

ጥሩ ሥልጠና በዱላ አይሆንም። የተመታ ውሻ ካሜራ ፊትም ጆሮውን ጥሎ ያጎነብሳል። አሠልጣኙ ሥራውን ከፋፍሎ ያስተምረዋል፤ መጀመሪያ መሬት ላይ ወዳለው ምልክት መሄድ፣ ቀጥሎ እዚያው መቆም፣ ከዚያ ራሱን ማዞር። ውሻው በትክክል በሠራበት ቅጽበት አንዲት አጭር ድምፅ ያሰማውና ወዲያው ሥጋውን ይሰጠዋል። ሥጋው ከዘገየ ውሻው ለምን እንደተሸለመ አይገባውም።

ንግግሩ የሰው ነው። ከ1997 ጀምሮ በአሜሪካ ታኮ ቤል ለተባለ ምግብ ቤት ማስታወቂያ የሠራችው ጊጄት የምትባል ትንሽ ውሻ ሴት ነበረች፤ ድምፁ ግን የወንድ ተዋናይ ነበር።

በ1987 ስፐድስ ማኬንዚ የተባለ ውሻ እዚያው አሜሪካ ቢራ ሲያስተዋውቅ ግን ክርክር ተነሣ። (እርሷም በወንድ ስም የቀረበች ሴት ነበረች።) የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩት ስትሮም ተርመንድ፣ ማስታወቂያው ልጆችን ወደ መጠጥ ይስባል ሲሉ ነቀፉ። እኔም ነቀፋው ተገቢ ይመስለኛል፤ ልጅ ውሻ ይወዳል፣ ነጋዴም ይህን ያውቃል። ውሻዋ ግን ቢራ ምን እንደሆነ የት ታውቃለች?

በቤታችሁ ውሻ ካለ እናንተም ሞክሩ። የማታውቁትን ውሻ ግን አትንኩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ይገድላል። የእንጀራ ቁራሽ በውሻችሁ አፍንጫ ፊት ያዙና ቀስ ብላችሁ ከራሱ በላይ ወደ ኋላ ውሰዱት። ቁራሹን በዓይኑ ሲከተል ወገቡ ራሱ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ «ቁጭ በል» በሉትና ስጡት። ጥቂት ቀን ከደጋገማችሁት እንጀራውን ሳያይም ቃሉን ሰምቶ መቀመጥ ይጀምራል።